እምቦሳ እሰሩ

እናቴ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበችው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቁልፉን የተረከብነው በ2016። በመሃል ዘጠኝ ቤት ተከራይተናል፦ ሽሮ ሜዳ ሁለት፣ ፈረንሳይ አንድ፣ ቀበና ሁለት፣ ላምበረት አንድ፣ ኮተቤ ሦስት። ኪራይ በጨመረ ቁጥር ወደ ምሥራቅ ስንገፋ ነው የኖርነው። ዕጣው የወጣልን አራብሳ መሆኑን ስትሰማ እማዬ መጀመሪያ ያለችው፣ «ያው በዚያው መንገድ ነው፤ አልጠፋንም» ነበር።

ተከራይ ሆኖ ያደገ ሰው የሚችላቸው ሙያዎች አሉ። የአከራይን ኮቴ ከሌላው ሰው ኮቴ መለየት አንዱ ነው። በር ሳይጮህ መዝጋት ሌላው። ሳቅ ሲመጣ ትራስ ላይ መሳቅ። ቧንቧው ላይ ስንት ጄሪካን ከሞላህ በኋላ ፊት እንደሚጠቁር ማወቅ። ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም፤ ይሄ በዘጠኙም ቤት የጸና ሕግ ነበር። ከሁሉ የሚከብደው ግን «ስንት ናችሁ?» የምትለዋ ጥያቄ ናት። ልጅ የበዛበት ተከራይ አይፈለግማ! ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ ሁለት ቤት ውስጥ «ለእረፍት የመጣ የእህቴ ልጅ» ሆኖ ኖሯል። በአንደኛው ቤት እረፍቱ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ፈጅቷል።

ይሄን የማወራው አከራዮችን ለመክሰስ አይደለም። የቀበናዋ አከራያችን ለምሳሌ በየበዓሉ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ትልክልን ነበር፤ ወንድሜ ሲታመም በሌሊት ታክሲ የፈለገችልንም እሷ ናት። ጥሩም ሆነች መጥፎ ግን ቤቱ የእሷ ነው። ደግነቷም ቢሆን የሚያስታውሰን ይሄንኑ ነበር።

የተረከብነው ቤት ባለ አንድ መኝታ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው። ኮንዶሚኒየም የተረከበ ሰው ምን እንደሚያገኝ ያውቃል፤ ላልተረከባችሁ ልንገራችሁ። ግድግዳ አለ፣ ጣሪያ አለ፣ መስኮት አለ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በሩ በአንድ እርግጫ የሚከፈት ዓይነት ስለሆነ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚቀይረው እሱን ነው። ቀለም፣ ሴራሚክ፣ የኩሽና ቁምሳጥን፣ ያ ሁሉ የራስህ ጉዳይ ነው። ደረጃውን ስትወጣ በየፎቁ የሚሰማህ የግራይንደር ጩኸት ነው፤ ፊትህ ላይ የሚቀረው ደግሞ የጂፕሰም ብናኝ።

እኔ ተዘጋጅቼ ነበር። ለዓመታት ስልኬ ላይ ያጠራቀምኳቸው ቪዲዮዎች አሉ፦ ጠባብ ሳሎን ሰፊ የሚያስመስሉ መስታወቶች፣ ከጣውላ ፍርስራሽ የሚሠራ መደርደሪያ፣ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል አረንጓዴ ተክል፣ ቢጫ መብራት። ባጀታችን ግን ለሳሎኑ ቀለምና ለጠንካራ በር ብቻ ነበር የበቃው። ወለሉን ምንጣፍ ሸፈነው፤ ምንጣፉ ያልደረሰበትን ደግሞ የወንድሜ ፍራሽ። የዕፅዋቱን ነገር እማዬ ሰምታ፣ «ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ለቅጠል?» ስላለች እዚያው ላይ አበቃ።

ያልጠበቅኩት ሌላ ነገር ነው። እማዬ በገዛ ቤቷ ተከራይ ሆነች።

ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራት ታጠፋለች። «ምነው?» ስንላት «በቃ፣ ይበቃል» ትላለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ በእግር የምትነዳት አሮጌ ሲንጀር አለቻት። በየተከራየንበት ግቢ «ያቺ ማሽን እንቅልፍ ነሳችን» ስለተባለች ከምሽት በኋላ ነክታት አታውቅም። አራብሳም መጥተን ልክ ሲመሽ ማሽኗን ጨርቅ ታለብሳታለች። እኔና ወንድሜ ትንሽ ድምፃችን ከፍ ሲል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ይሰማሉ» ትለናለች። እነማን? ከላያችን እኮ ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው።

ካርቶኖቹን ደግሞ አልጣለቻቸውም። ዕቃ ያመጣንባቸውን የሙዝና የኢንዶሚ ካርቶኖች አጣጥፋ አልጋ ሥር አስገባቻቸው። በየቤቱ እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ የሚቀጥለው ጉዞ ሲመጣ ካርቶን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ እንዳንንከራተት። አንድ ቀን ሳወጣቸው አየችኝና «ተዪያቸው፣ ምን ይታወቃል?» አለች።

«እማዬ፣ ቤቱ እኮ ያንቺ ነው።»

«የባንክ ነው» አለች።

እውነቷን ነው። 20/80 ማለት 20 በመቶውን አንተ ትቆጥባለህ፣ 80 በመቶውን ባንክ ያበድርሃል ማለት ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ልክ እንደ ኪራዩ፣ ማንም ሳይጠይቃት ሄዳ ትከፍላለች። ደረሰኙን እንኳ የምታስቀምጠው ድሮ የኪራይ ወረቀት ታስቀምጥባት በነበረችው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ለእሷ አከራይ ተቀየረ እንጂ ኪራይ አልቀረም።

የአባቴን ፎቶ ያነሳነው እዚህ ጋ ነው። የሠርጋቸው ፎቶ ነው፤ በእንጨት ፍሬም፣ መስታወቱ ጥግ ላይ ትንሽ የተሰነጠቀ። አባቴ የሞተው እኔ አራት ዓመቴ ሳለ ነው። ፎቶው ዘጠኙንም ቤት ሻንጣ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ነው የዞረው፤ ተሰቅሎ አይቼው አላውቅም። ወንድሜ ከሥራ ቦታው ድሪል ተውሶ መጣና «የት ጋ ነው የምንሰቅለው?» አለ። እማዬ ግድግዳውን ቆማ አየችው። ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ዞር ብላ በቁም ነገር፣ «የሚከፋው ሰው አይኖርም?» ብላ ጠየቀችን።

ወንድሜ ሳቀ፤ እኔ ግን አላሳቀኝም። ድሪሉ ሲጮህ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ በሩ ነበር የምታየው። ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ልስኑ ትንሽ ረገፈ፤ የፎቶው ፍሬም ግን ሸፈነው። አባቴ አሁን ከቴሌቪዥኑ በላይ ነው፤ ትንሽ ወደ ግራ ያዘመመ።

እናቴ ብቻዋን አይደለችም መሰለኝ። ይቺ ከተማ ተከራይነትን ለረጅም ጊዜ ነው የተማረችው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። እዚያ ውስጥ ተወልደው፣ ተድረው፣ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች አሉ፤ ግድግዳው ግን የእነሱ አልነበረም። ከዚያ የግል ኪራዩ ዘመን መጣ፦ የሰርቪስ ቤት፣ ሰባት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ፣ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይጨመራል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር። እኛ በወጣንበት በዚያው በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥሩ 1320፣ ወጣ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት አይነስ ይላል። ለእማዬ ሳነብላት ማሽኗን አቁማ ሰማችኝና፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ? ሳይነካሽ?» አለች። እንደ ተረት ነው የሰማችው። ከዘጠኙ ቤቶቻችን ሁለት ዓመት የሞላንባቸው አራቱ ብቻ ናቸው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ነው ቤት የሚለምደው? እኔ መልሱ መጋረጃ መስሎኝ ነበር። የድሮዎቹ ለአዲሶቹ መስኮቶች አጥረው ነበርና፣ እማዬ ሁለቱን ገጥማ በመሃል ሌላ ጨርቅ አስገብታ ሰፋቻቸው፤ ቆንጆ ሆኑ። ዕጣን አጨሰች፤ የሲሚንቶው ሽታ ለቀቀ። ግን በሦስት ሰዓት መብራት መጥፋቱ ቀጠለ።

የተለወጠ ነገር ያየሁት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ነጠላዋን ደርባ ስትወጣ፣

«የት ነው?» አልኳት።

«ሽንኩርት ልበደር።»

«ሽንኩርት እኮ አለ! ትናንት ሁለት ኪሎ ገዝቼ መጥቻለሁ።»

«አይቼዋለሁ» ብላ ወጣች።

ከፊት ለፊታችን ያለውን በር ስታንኳኳ ሰማሁ። ያ በር ከገባን ጀምሮ ለሁለት ወር ተዘግቶ ነው የማውቀው፤ ሰው መኖሩን ራሱ የምናውቀው ከበሩ ሥር በምትወጣ ብርሃን ነው። ከውስጥ «ማነው?» ተባለ። «የፊት ለፊቷ ነኝ፣ ሽንኩርት አልቆብኝ ነው» አለች እናቴ፣ ኩሽናችን ውስጥ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አስቀምጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለት ራስ ሽንኩርት ይዛ ተመለሰች፤ ሴትየዋ ነርስ እንደሆነች፣ የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ቀን እንደምትተኛ፣ ባሏ ክፍለ ሀገር እንደሚሠራም ጭምር። በማግስቱ ሦስት ራስ አድርጋ መለሰች።

«ምንድነው የምትሠሪው?» አልኳት።

«መጀመሪያ ካልተበደርኳት እሷ ሲያልቅባት እንዴት ታንኳኳለች?» አለችኝ፤ ይሄ እንዴት አይገባሽም በሚል ፊት።

በኪራይ ቤት ውስጥ መበደር ሌላ ነገር ነው። ግቢው ውስጥ ሁሉም ከሁሉም ይበደራል፣ ከሰል፣ በርበሬ፣ ምጣድ፤ ያ ግን በግድ የተጠጋጋ ሰው ኑሮ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ማንም ማንንም አይፈልግም። ሁሉም የራሱ ቆጣሪ፣ የራሱ ሽንት ቤት፣ የራሱ የብረት በር አለው። ለዚህ ነበር እኮ ለዓመታት የጸለይነው! ተሳካልን፤ ከዚያ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ግድግዳውን እያየን ማለፍ ጀመርን። እናቴ ቀድማ የገባት ይሄ ይመስለኛል። በራሱ ቁልፍ ብቻውን የሚኖር ሰውም ያው እንግዳ ነው።

ከዚያ በኋላ በሩ መንኳኳት ጀመረ። ነርሷ ቁልፍ ልትተውልን መጣች። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው የማሙሽ እናት ወንፊት ተዋሰች፤ ስትመልሰው ቆሎ አድርጋበት ነው። ከዚያ እኛ የቆሎውን ሳህን ባዶውን መመለስ ስለማንችል ሽሮ፣ እሷ የሽሮውን ዕቃ ባዶውን መመለስ ስለማትችል ደግሞ በሶ። እስካሁን ማን የማን ባለዕዳ እንደሆነ አልታወቀም። መጀመሪያ አካባቢ ቅር ይለኝ ነበር፤ እንደ ትውልዴ «ፕራይቬሲ» ምናምን የምል ሰው ነኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ ስሠራ ሰው ሳይደውል ሲገባ አሁንም ያናድደኛል። ግን ካርቶኖቹ የወጡት በዚያው ሰሞን ነው። ማንም አልነገራትም፤ የማሙሽ እናት ለጫጩቶች ካርቶን ስትፈልግ እማዬ አልጋ ሥር ገብታ ሁሉንም አውጥታ ሰጠቻት።

አሁን ወደ እንግዶቹ ልምጣ። አዲስ ቤት የገባ ሰው ዘንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄዱ በሩ ላይ የምትሉት ነገር አለ፦ «ቤት ለእምቦሳ።» ባለቤቱ ይመልሳል፦ «እምቦሳ እሰሩ።» እምቦሳ ገና የተወለደ ጥጃ ነው። ላም ወልዳላችሁ፣ ጥጃው ቤታችሁ ውስጥ ታስሮ ለማየት ያብቃችሁ ነው ነገሩ። ደስ የሚለኝ ግን መልሱ ነው። ባለቤቱ «አሜን» ብሎ ምርቃቱን ኪሱ አይከትም፤ ለእንግዳው መልሶ «እናንተም እሰሩ» ይለዋል።

ይሄ ለኪራይ ቤትም ይባላል፤ ብዙ ሰው ይለዋል። እማዬ ግን አታስብልም ነበር። ዘመድ ገና አፉን ሲከፍት «ተዉ፣ የሰው ቤት ነው» ትላለች። ደግሞም እንግዳ ራሱ ችግር ነበር፤ ሦስት ሰው ከመጣ አከራይዋ «ዛሬ ምን አለ?» ትላለች፣ በነጋታው ስለ ውኃ ወሬ ይነሳል። ስለዚህ ቡና የምናፈላው ለራሳችን ብቻ፣ በሩን ገርበብ አድርገን ነበር።

አራብሳ መጀመሪያ የመጣችው እንግዳ የቀበና ጎረቤታችን የነበረች ሴትዮ ናት፤ ሁለታችንንም ያዘለችን፣ እንደ አክስት የምናያት። ሦስት ታክሲ ቀያይራ፣ አራት ፎቅ በየእረፍቱ «ማርያምን!» እያለች ወጥታ፣ ስድስት ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆመች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅናት። ከዚያ በሙሉ ድምፅ፣

«ቤት ለእምቦሳ!»

እማዬ ዝም አለች። ለአፍታ መልሱ የጠፋባት መሰለኝ። ሴትየዋ አልገባችም፤ ካልተመለሰላት የምትገባም አትመስልም ነበር። ከዚያ እማዬ ቀስ ብላ «እምቦሳ እሰሩ» አለች፤ ድምጿ መሃል ላይ ተሰበረ። ወንድሜ ነገሩን ለማቅለል «አራተኛ ፎቅ ላይ ጥጃውን ማን ነው የሚያወጣው?» አለና ሁላችንም ሳቅን። ያን ቀን መብራቱ የጠፋው ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ስለ ጥጃው ካነሳን፣ በሬው መጥቷል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ተብለው የተሠሩ የጋራ ቤቶች አሉ። የኛ ብሎክ የጋራ ቤት እስከ ፋሲካ ድረስ ሲሚንቶና አሮጌ በር የታጨቀበት ነበር። ለፋሲካ ቅርጫ ሲታሰብ ወንዶቹ አጸዱት። ዝርዝር ሲጻፍ እናቴ የቤት ቁጥራችንን ጮክ ብላ ነው ያስመዘገበችው። ሥጋው ሲመደብ ስለ መደቡ መጠን ከሁለተኛ ፎቁ ጡረተኛ ጋር ተከራከረች። ተከራከረች ነው የምላችሁ! ዘጠኝ ቤት ውስጥ የተሳሳተ የመብራት ሒሳብ እንኳ ዝም ብላ የከፈለች ሴት።

አማርኛ ላይ አንድ የሚገርመኝ ቃል አለ፦ ቤተኛ። የቤቱን ባለቤት ማንም ቤተኛ አይለውም። ቤተኛ የሚባለው ከውጭ የመጣው ነው፤ ሳይጠራ የሚመጣ፣ ማሰሮ ከፍቶ የሚያይ፣ የሚቀመጥበትን የሚያውቅ። የቤቱ ማዕረግ የሚሰጠው ለእንግዳው መሆኑን ሳስብ የእናቴ ሽንኩርት ይበልጥ ገባኝ። ማሙሽ አሁን አምስት ዓመቱ ነው፤ በራችንን በእግሩ እየመታ ይገባና ቀጥ ብሎ ብስኩት ያለበትን ቆርቆሮ ይከፍታል። ውስጡ የባንክ ደረሰኝ ነው። በየቀኑ ከፍቶ በየቀኑ ያዝናል። አሁን እማዬ ከደረሰኞቹ ላይ አንዳንድ ብስኩት ማስቀመጥ ጀምራለች።

ቪዲዮዎቹን ከስልኬ አላጠፋኋቸውም። ቢጫ መብራቱን እፈልገዋለሁ፤ ወለሉም በዚህ ዓመት ሴራሚክ ቢሆን ደስ ይለኛል። እንዲያውም ቆንጆ ቤት አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች አይመቹኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆንጆ ቤት ያላቸው ናቸው። የአባቴ ፎቶ ማዘንበሉም ያስጨንቀኛል። ሁለቴ አቃንቼዋለሁ፤ ማሽኗ በተነዳች ቁጥር ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ ይመለሳል። አሁን በማታም ትነዳታለች። የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች አንድም ቀን ቅሬታ አላሰሙም፤ የማሙሽ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እዚያው ማሽን ላይ ስለሚሰፋ ይሆናል።

ባለፈው ሐሙስ ከቤት ነበር የምሠራው። ሰዓቱ አራት ገደማ ይሆናል። ከውጭ ሴት ስትጮህ ሰማሁ፤ ትልቅ፣ ሰፊ፣ ግቢውን የሚሞላ ድምፅ።

«አንተ ባለ ጋሪ! ቁም እንጂ! ስንት ነው ሽንኩርቱ?»

የማን ድምፅ ነው ብዬ በረንዳው ላይ ብቅ ስል እናቴ ናት። ግማሽ አካሏን ከብረቱ በላይ አውጥታ፣ መቀሷን እጇ ላይ እንደያዘች። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ስኖር እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ልጁ ከታች አንገቱን አቅንቶ አንድ ነገር አለ።

«አልሰማህም! ከፍ አድርገህ ተናገር!»

ደገመላት።

«ኧረ ባክህ! ለጎረቤት እንዲህ ይባላል? ቀንስና ሦስት ኪሎ መዝን፤ ልጄ እየወረደች ነው!»

ዞራ እንኳ አላየችኝም። ነጠላ ጫማዬን ፈልጌ ወረድኩ።